የሞተ ዝቃጭም ይመዝናል

የከተማው ፍሳሽ በሚጣራበት ጣቢያ ሠራተኞቹ «የትል ሐኪም» የሚሏት ሴት አለች። ሥራዋ አየር ከሚንተከተክበት ገንዳ ናሙና መቅዳትና ቆሻሻውን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ምን ያህል እንደሆኑ መለካት ነው። ናሙናውን ታጣራለች፤ የቀረውን ዝቃጭ አድርቃ ትመዝናለች፤ በመጨረሻም አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ትመለከታለች። ጉልበቷ የገንዳውን ደረጃ መውጣት ከጠላ ሰንብቷል፤ እርሷ ግን ጉልበቷን አማክራ አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ማን እንደደፋው ያልታወቀ መርዝ በቦዩ ገብቶ የገንዳውን ተሕዋስያን ፈጅቶ የዝቃጩን ክብደት አውርዶት ነበር። እናቷ ደግሞ በሩቅ ከተማ፣ በታናሽ እህቷ ቤት፣ ታማ ተኝታለች። አለቃዋ «የዝቃጩ ክብደት ወደ ልኩ ሲመለስ ፈቃድዎን እፈርማለሁ» ስላላት፣ በየማለዳው ሚዛኑን የምታየው አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ሆና ነበር።

አንድ ጠዋት ክብደቱ ከልኩ አለፈ።

«በሉ እትዬ፣ ሻንጣዎን ያዘጋጁ» አለ አለቃዋ በበሩ ብቅ ብሎ። «ትርፉን ዝቃጭ ነገ አስወግደን እንገላገላለን።»

«ጠብታዋን ልይና።»

«ዛሬ እንኳ ይለፍዎት።»

አየች። መርዙ ከመግባቱ በፊት እንደ ገበያ ይተራመስ የነበረው ሁሉ ጸጥ ብሏል። በአንድ ጥግ ብቻ ጥቂቶች ይንፏቀቃሉ። የሞተው በቦዩ ከገባው ጭቃ ጋር ተጠራቅሞ ክብደቱን አንሥቶታል፤ ሚዛን ሙቱን ከሕያው አይለይም። ትርፍ ተብሎ ቢወገድ እነዚህም ጥቂቶች አብረው ይሄዳሉ፤ ፍሳሹም እንዳለ ወንዝ ይገባል። ከእርሷ በቀር በዚያ መስታወት የሚያይ ስለሌለ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም።

 ከዚያም ተነሥታ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች።

«አብዛኛው ሬሳ ነው። ማስወገጃው አይከፈት።»

አለቃዋ ብዕሩን አስቀመጠ። «ፈቃድዎስ?»

«እስኪያገግሙ የሚያያቸው ማን አለ? ይቆይ።»

ማምሻውን ወደ እህቷ ደወለች።

«ለትል ብለሽ ነው የምትቀሪው?» አለች እህቷ። «እኛም ትል ብንሆን ይሻለን ነበር።»

«ስልኩን ለእማዬ ስጫት።»

እናቷ ትንፋሿን ሰብስባ «ምን ያዘሽ፣ ልጄ?» አለች።

«ገንዳው ታሟል፣ እማዬ። ትቼው ብመጣ አይተርፍም።»

«እኔም ታምሜያለሁ» አለች እናቷ፣ ያለ ቁጣ።

በማግስቱ ክብደቱ ያው ነበር፤ በጠብታዋ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሱት ከትናንቱ ጥቂት በዝተዋል።

«እንዴት አደሩ?» አለ አለቃዋ።

«ይተርፋሉ።»

«እናትዎስ?»

መስታወቱን በጨርቅ ጠረገች።

«አልደወልኩም» አለችው።