ጊታሩን ሳላይ የሸጥኩት ክር

ሥራ የጀመርኩት እሑድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ በልብስ ሰፊና በሞባይል ጠጋኝ መሀል የተሰነቀረች የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ ስለዚህ ስለ ሥራ ዘመኔ ለመጻፍ የሚበቃ ዕድሜ አለኝ።

የሱቁ ባለቤት ዐሚ ኻሊድ የሚባል ሳዑዲ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጊታር መጫወት እችል እንደሆነ ነበር። አልችልም አልኩት። «ተማም፣ ጥሩ ነው» አለኝ ደስ ብሎት። ከእኔ በፊት የነበረው ሻጭ ጎበዝ ተጫዋች ስለነበር ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም ነበር አሉ። አለመቻሌ የመጀመሪያው የሥራ ልምዴ ሆኖ ተቆጠረልኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ ግን ጋሽ ታደሰ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ጅዳ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ፣ ሥራው ሾፌር ይላል። መኪና መንዳት አይችልም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ ጊታርና ዑድ ይጠግናል። ስለ ኢቃማው ስጠይቀው «እዚህ አገር ወረቀቱም የራሱ ኑሮ አለው፣ እኔም የራሴ አለኝ። አንጣላም» አለኝ።

በዚያው ቀን አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ክር ፊቴ ገለበጠና «ዐይንሽን ጨፍነሽ ለዪ» አለኝ።

«በምን ልለየው?»

«በጣትሽ። ብረቱ ይነክስሻል፣ ናይለኑ አይነክስሽም።»

ነከሰኝ። ካርቶኑን ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ግን ክር ስነካ ብረት ይሁን ናይለን፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ሳላይ መናገር እችል ነበር። እቤት ማንም ስላልጠየቀኝ ራሴ እየተነሣሁ ነገርኳቸው።

የሱቁ ማዕረግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቧራ መጥረግ፤ ቀጥሎ ክር መለየት፤ ከዚያ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ክር መሸጥ፤ ከዚያ ክር መቀየር። ከሁሉም በላይ ኮላ መንካት ነው፤ ኮላ የሚነካው ጋሽ ታደሰ ብቻ ነው። እኔ በሦስት ወር ውስጥ ባንኮኒ ላይ ደረስኩ። በሱቁ ታሪክ እንደዚህ ፈጥኖ ያደገ ተለማማጅ የለም። ሌላ ተለማማጅም ኖሮ አያውቅም።

ባንኮኒ ላይ የቆመ ሰው ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። የናይለን ክር ለስላሳ ነው፤ ቀለል ብሎ ለተሠራ ጊታር ይሆናል፤ ጫፉም ብሪጁ ላይ ይቋጠራል። ብሪጅ የምንለው ክሮቹ ጊታሩ ሆድ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት ነው። የብረት ክር ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ግን ከናይለኑ እጥፍ ሊሆን ትንሽ በሚቀረው ጉልበት ይስባል። እሱን የሚችለው ሆዱ ውስጥ ጠንካራ ማገር ያለው ጊታር ብቻ ነው። ስለዚህ የጋሽ ታደሰ ሕግ አንድ ነበር፤ ጊታሩን ሳታዪ ክር አትሽጪ።

ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ የኛ ሰው ነው። ሌላው ደንበኛ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ይመጣል። የኛ ሰው ባዶ እጁን ይመጣል።

ሉባባም ባዶ እጇን መጣች። የወሎ ሰው ናት፤ መካ ጀርወል ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ የምትኖረውም እዚያው መካ፣ ዛሂር ነው።

«ጊታርዎን ይዘውት መጡ?» አልኳት።

«አንች፣ አታስረጅኝ እንጅ። ቤት ነው ያለው።»

«እቴ ሉባባ፣ ሳላየውማ ይከብደኛል።»

«ታዲያ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ኢሕራም ከለበሰ ተጓዥ አጠገብ ጊታር አቅፌ ልቀመጥ? ሰዉ ለበይክ ሲል እኔ ምን ልበል?»

«እሺ፣ ምን ዓይነት ጊታር ነው?» አልኳት።

«ቡናማ።»

«ክሩስ?»

«ክሩማ ሞተ። ድምፁ ጠፋ፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚመስለው። ወላሂ እንደ ክራር ጥርት ብሎ የሚጮህ ክር ስጭኝ።»

አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ዘይነብ ልታገባ ነበር። ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ኖረዋል። ከሠርጉ ማግስት ዘይነብ ከባሏ ጋር ሪያድ ትሄዳለች። ሉባባ በስልክ ቪዲዮ እያየች አራት ዓመት ጊታር ተምራለች፤ ለዘይነብ ራሷ ዘፈን ሠርታለች። «ሌላ ስጦታ የለኝም» አለችኝ። «ለሰዉ ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

የጊታሩን ፎቶ ላኪልኝ ማለት ይቻል ነበር። ስልክ ፎቶ እንደሚያነሣ በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። ክራር የሚለውን ስሰማ እጄ ራሱ ወደ ብረቱ ሄደ። ወፍራሙን፣ በነሐስ የተጠመጠመውን አወጣሁላት፤ ስለ ነሐስም ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠኋት። «ማሻ አላህ፣ የተማረ ሰው» ብላ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት ደወለች።

«ክርሽ ጎበዝ ነው። ፎቁ ሁሉ ሰማኝ። ግን ጊታሩ ሆዱ ተነፋ፤ ያ እንጨትም ብድግ ብድግ ይላል።»

ይኼን ጊዜ ፎቶ ጠየቅኋት። ለናይለን የተሠራ ጊታር ነበር። ብሪጁ ከኋላው ተነሥቷል። ጋሽ ታደሰ ፎቶውን አየና መነጽሩን አወለቀ፤ ወልውሎ መልሶ አደረገው። ፎቶው አልተለወጠም።

«ማነው የሸጠላት?»

«እኔ።»

«ጊታሩን አይተሽዋል?»

«ቡናማ ነው አለችኝ።»

ስልኩን ተቀብሎ ሁሉንም ክር ቀስ በቀስ እንድታላላ ነገራት። «ብሪጁ ከተገነጠለ ሆዱን ይዞት ነው የሚሄደው። ያኔ ጊታር የለም» አላት። ሠርጉ ነገ ሐሙስ ማታ ነው። እሷ ከሆቴሉ ፈረቃ ወጥታ ጅዳ መምጣት አትችልም።

ጋሽ ታደሰም መሄድ አይችልም። መካ ሳይደረስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ለሙስሊም ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠገናቸው ጊታሮች መካ ገብተዋል፤ እሱ እስከ መገንጠያው ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሙስሊም ነሽ፤ አባትሽ አውቶቡስ ይነዳል። በይ፣ ኮላ ትነኪያለሽ።»

ትልቁን ማዕረግ ያገኘሁት በችሎታ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ የሚሄዱ ተጓዦችን ከጅዳ መካ ያመላልሳል። ቦርሳዬን ከፍቶ ኮላውን፣ የናይለኑን ክር፣ መቁረጫ ፒንሳውንና እንጨት ነክሶ የሚይዘውን ሞርሴቶ አየ።

«ይኼ ብረት ምንድነው?»

«የሥራ ዕቃ ነው፣ አባ።»

«ፍተሻ ላይ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ጊታር ልታክም ነው በላቸው።»

«ዝም እላለሁ» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለዑምራ እየሄድኩ እንደሆነ በዐረብኛ ጠየቁኝ። ለሥራ አልኳቸው። አንድ ተምር ሰጡኝና ሥራሽን አላህ ያግራልሽ ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም ዱዓው ስለሚያስፈልገኝ አላብራራሁም።

ዛሂር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት አልጋ ያለባት ክፍል። ሉባባ ከነደንብ ልብሷ ጊታሩን ታቅፋ ጠበቀችኝ። ስልኬን ብርጭቆ አስደግፌ ለጋሽ ታደሰ በቪዲዮ ደወልኩለት።

«ክሩን አውጥተሽ በብሪጁ ሥር ወረቀት አስገቢ። ገባ?»

«ገባ።»

«እስከ ምን ድረስ?»

«የጥፍሬን ግማሽ።»

«ጥፍርሽ ረጅም ነው፣ አጭር?»

«አጭር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ እሱ። «አልሐምዱሊላህ» አለች እሷ። እኩል ነው የወጣቸው።

ሞርሴቶው በጊታሩ ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥና ከላይ መንከስ አለበት። ቦታ ለመለካት እጄን ስሰድ አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ሳብኩት። ፎጣ ነው። ትልቅ ፎጣ።

«እቴ ሉባባ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ውይ። ጎረቤት ድምፁ በዛ ሲል የወተፍኩት ነው። ረስቸዋለሁ።»

«መቼ?» አለ ጋሽ ታደሰ ከስልኩ ውስጥ።

«ባለፈው ረመዳን።»

«ክሩ የሞተውስ መቼ ነው?»

ሉባባ ፎጣውን አየች፤ ጊታሩን አየች። «ከረመዳን ወዲህ ነው መሰለኝ» አለች።

ጋሽ ታደሰ መነጽሩን አወለቀ። አሮጌው ክር ምንም አልሆነም ነበር፤ ድምፁን ያፈነው ፎጣው ነው።

ኮላውን በስስ ካርድ ጫፍ ሥሩ ድረስ ከተትኩ፤ ሞርሴቶውን አጠበቅሁ፤ የተረፈውን በርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። «አታጥብቂው፣ ያዝ ብቻ ይበለው» ይላል ጋሽ ታደሰ። «እስከ ነገ ዐስር ሶላት ማንም እንዳይነካው።» ሉባባ አልጋዋን ለጊታሩ ለቀቀችና ሁለታችን የዘይነብ አልጋ ላይ ተኛን። ዘይነብ አክስቷ ቤት ለሠርጉ እየተዘጋጀች ነበር።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሞርሴቶውን ፈታሁ። ወረቀቱን ሞከርኩ፤ አልገባም። ናይለኑን እየቋጠርኩ አሰርኩና ቃኘሁት። ሉባባ መታችው።

«ይኼማ ለዘብ አለ። ክራሩ የታለ?»

«ክራር የፈለገ ክራር ይገዛል» አለ ጋሽ ታደሰ ከስልኩ ውስጥ። «ይህ ጊታር የሚችለው ይህን ነው።»

«ሰው ይሰማኛል?»

«ፎጣው ከወጣ ይሰማሻል።»

ሠርጉ ላይ፣ በሴቶቹ በኩል፣ ሉባባ ጊታሯን ይዛ ዘይነብ ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ሄደ። በሁለተኛው ቀጭኑ ክር ረገበ። በሦስተኛው ሁለት ክር ረገበ። አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩና እሷ ስትዘፍን እኔ መቃኛውን እያዞርኩ አጠብቅ ጀመር። ሴቶቹ የትርኢቱ አካል መስያቸው ለእኔም እልል አሉልኝ። ዘፈኑ ስለ ሁለቱ ነው፤ አብረው ስላነጠፏቸው አልጋዎች፣ ሊፍቱ ሲበላሽ በደረጃ ስላወረዱት አንሶላ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሁለት ፈረቃ ስለ መሥራቷ። ዘይነብ ገና ያልደረቀው ሂናዋ እንዳይበላሽ ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ እንባዋን አክስቷ በሶፍት ጠረገችላት። ሉባባ ከቅኝት ወጥታ ጨረሰች። ዘይነብ ድገሚው አለቻት፤ ደገመችው፤ እኔም መቃኛውን ደገምኩት።

ቅዳሜ ሱቅ ስገባ ጋሽ ታደሰ «ብሪጁስ?» አለኝ።

«ይዟል።»

«ቅኝቱስ?»

«አልያዘም።»

«አይዝም» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዲስ የናይለን ክር ተለጥጦ እስኪጨርስ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። ሐሙስ ሠርግ ያለበት ሰው እሑድ ይቀይር።