አማቴ ያዳኑልኝ ዱቄት

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ከአማቴ በጎ ነገር መጠበቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ... ሽታው ግን አታለለኝ።

አማቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ አስፐን ሂል እኛ ቤት ከመጡ ወራት አልፈዋል። እኔና እሳቸው እሳትና ጭድ ነን። ወጡ ጨው በዛበት፣ መጋረጃው አደፈ... ከሁሉ በላይ ግን ጓሮ ያሉት ዶሮዎቼ ያንገበግቧቸዋል። «አሜሪካ ድረስ መጥቶ ዶሮ ጠባቂ» ይላሉ። እንቁላሉን ግን በየጠዋቱ ጠብሰው ይበሉታል።

ሳሎን እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው አሌክሳንድሪያ የመጡት እህታቸው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ድፎው ተቆርሷል።

«ቤዝመንት ያስቀመጥሽውን ዱቄት አየሁልሽ» አሉኝ አማቴ። «ትል በትል አድርገሽዋል። እኔ ነኝ ነፍቼ ያዳንኩልሽ።» ወደ እህታቸው ዞር ብለው ደግሞ «የዛሬ ሴት፣ ዱቄት አስነቅዛ ታስቀምጣለች» አሉ።

ሮጬ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።

ለማታውቁ... ቤዝመንት ውስጥ በፕላስቲክ መሳቢያ ፉርሽካ አድርጌ ትል አረባለሁ። ለዶሮዎቼ ነው። መሬቱ በረዶ ሲሆን ጭረው የሚያገኙት ነገር ስለሌለ ትሉን እሰጣቸዋለሁ። ከአንድ እፍኝ ተነስቼ ስንት ወር የለፋሁበት ነው። መሳቢያው ታጥቦ ተደፍቷል።

ተመልሼ ወጣሁ። «ትሎቹስ?»

«ሽንት ቤት ጨምሬ ውሃ ለቀቅኩበት። ልታስቀምጪው ኖሯል?»

ልጮህባቸው ነበር። ወዲያው ግን ወንፊቱ ትዝ አለኝ። ትል ከኖረበት ፉርሽካ ወንፊት አልፎ የሚወርደው ደቃቅ ነገር ዱቄት አይደለም። የትሎቹ ኩስ ነው።

«እማማ፣ የጋገሩት ደቃቁን ነው?»

«ደቃቁን ነዋ። ከነጩ ዱቄት ጋር ለወስኩት። ገለባውን ለዶሮሽ ደፋሁላት።»

እህታቸው ስኳር ስላለባቸው አልነኩትም። የሚበሉት አማቴ ብቻ ናቸው። ወዲያው መናገር ነበረብኝ... አልተናገርኩም። ሁለተኛውን ቁራሽ እስኪጋምሱ ደስ እያለኝ ጠበቅኩ፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ ትሉን ራሴ እንደማረባው፣ ዱቄት ያሉትም ምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ነገርኳቸው።

እህታቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አማቴ ማኘክ አቆሙ። አይን አይኔን እያዩ ዋጡት።

«ውሸቷን ነው» አሉ ለእህታቸው። «ዳቦዬ ስላማረ አናዷት ነው።» እኔን ላለማስደሰት ብቻ ሌላ ቁራሽ አነሱ። እኔም ሳህኑን አስጠጋሁላቸው።

በዚህ መሀል ባሌ ገባ። ጃኬቱን እንኳን ሳያወልቅ ቆረስ አድርጎ ጎረሰና ፊቱ ተጨማደደ።

«ኤክስፓየር ባደረገ ዱቄት ነው እንዴ የተጋገረው? ማነው የጋገረው?»

እህታቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አማቴ አይናቸውን አላሹም።

«ሚስትህ ናት» አሉት።

እንግዲህ ዱቄቱን ያዳኑት እሳቸው፣ ዳቦውን ያበላሸሁት እኔ ሆንኩ ማለት ነው።