ያልወረደው መስመር

ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አይፈረድብኝም። ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው።

የሳንባ ነቀርሳ ሁለታችንን በአንድ ክረምት ያዘን፤ እኔንና በሬ የተቀናጀሁትን ጎረቤቴን። እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፤ ሮቢት ያለውን የማሽላ መሬት አብረን ነበር የምናርሰው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ሚስት ስላላገባ ማዕዱ እኔ ቤት ነበር። ልጄ ጧት ጧት ወተት ታደርስለታለች፤ አጠገቡ ተቀምጣም ታወጋለች። "አጎቴ" ነው የምትለው።

ቆቦ ጤና ጣቢያ አንድ ሒሳብ የሚወድ ሐኪም ነበር። መርፌውን ወግቶ፣ ክኒኑን ሰጥቶን ሲያበቃ፣ አፈር ላይ በእንጨት መስመር ጫረ።

"ይህ ዞብል ተራራ ነው እንበል። አናቱ ላይ ያለው፣ አሁን በደረታችሁ ያለው ጀርም ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ብዙውን ይፈጀዋል፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሳሉ ይተዋችኋል። ከዚያስ ምን ይመጣል?"

"ሜዳ ነዋ" አልኩ።

"አደገኛው ሜዳው ነው። የተኙ ጥቂቶች ይቀራሉ፤ እነሱ በስሌቱ ቀስ ብለው ነው የሚያልቁት። እየዋጣችሁ እያቋረጣችሁ ከሄዳችሁ፣ መድኃኒቱን የለመዱት ተርፈው ይባዛሉ። ያኔ መስመሩ ዳገት ይወጣል፤ ይህ ክኒንም አያወርደውም።"

ጎረቤቴ ሳቀ። "እኛ የራያ ሰዎች እኮ ነን ሐኪም! ሜዳ ላይ ተወልደን ሜዳ ያስፈራናል?"

ሐኪሙ አልሳቀም። "እርስዎ ታላቅየው፣ የእሱንም ይጠብቁ" አለኝ።

ጠበቅኩ። ጧት ጧት ፊቴ ይውጣል። "ዋጥክ?" ስለው "ወላሂ፣ አያ!" ይልና አፉን ይከፍትልኛል።

ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይለቅም ነበር። የእሱ ስም ሲነሳ ስብሰባው ላይ ቆሜ፣ "በሽተኛ ነው። መድኃኒቱን በዓይኔ እያየሁት ይውጣል፤ አልዳነም እንጂ" ብዬ መሰከርኩለት። እውነት መስሎኝ ነው። እኔ ስድን እሱ ይስላል፤ አላህ ሁሉን በየጊዜው ነው የሚያድነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ልጄ ሳለች። ደም ተፋች። ያው መርፌ፣ ያው ክኒን ተጀመረላት፤ ክኒኑን በእጄ ነበር የማጎርሳት። ወራት አለፉ፤ እሷ ግን ይባሱን ከሳች። ሐኪሙ አክታዋን ደጋግሞ ሲመረምር ቆይቶ ለብቻዬ ጠራኝ።

"በስሌቱ ከሆነ የእሷ መስመር እስካሁን ሜዳ መድረስ ነበረበት። የእርስዎ ደርሷል። የእሷ ጭራሽ አልወረደም። ጀርሙ እሷ ዘንድ ሳይደርስ በፊት መድኃኒቱን የለመደ ነው። ከአጠገቧ እየጀመረ የሚያቋርጥ ማነው?"

"ማንም የለም" አልኩት። ይህን ብዬው በቀጥታ ጎረቤቴ ጎጆ ሄድኩ።

"ክኒኑን ምን እያደረግኸው ነው?"

ወደ ምድጃው ዞሮ እሳቱን ይቆሰቁስ ጀመር።

"ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ አንተ ሰው!"

"ሳሉ ሲጠናብኝ እውጠዋለሁ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ሲሻለኝ በምላሴ ሥር ይዤ እተፋዋለሁ። ከዳንኩማ ይወስዱኛል፣ አያ። የሄደ መች ተመለሰ?"

ልጄን ቀበርን።

ሽማግሎች መጡ። "እርቅ አውርድ። እሱም ነፍሱን ሊያተርፍ ብሎ ነው" አሉኝ።

"ከሊቀመንበሩ ስለተደበቀ አልከሰውም" አልኳቸው። "ሊቀመንበሩን ያልዋሸ ከመካከላችሁ ማን አለ? ለእኔ ግን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? 'አያ፣ አልዳንኩም፤ ልጅህን ወደ እኔ አትላካት' ቢለኝ፣ እኔም ስብሰባው ላይ አውቄ በዋሸሁለት ነበር። ልጄም ወተቱን ደጅ አስቀምጣ በተመለሰች። ከእኔ ጋር እየበላ፣ ስታወጋው እየሳቀ፣ ፊቷ ላይ ይስልባት ነበር።"

አንዱ ሽማግሌ "ፈርቶ ነው እኮ" አለ።

"መፍራቱንስ ይፍራ፤ ከእኔ መደበቁን ግን አልተውለትም" አልኩና ተነሳሁ። እርቁን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩም።