የእትዬ ዘነበች ብርዝ

ዛሬ በምንኖርበት የፈረንጅ አገር፣ ሊንደሩድ በሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ የማር ጠርሙስ ወድቆ ሲሰበር፣ ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ። ያኔ እናቴ መጠጥ ለመተው፣ እናቶች ከነልጆቻቸው ተቀምጠው በሚታከሙበት ቤት ነበርን። ከጠጣች እኔን ሌላ ሰው ጋ እንደሚወስዱኝ አውቅ ነበር።

አንድ እሑድ የቀድሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ፉሩሴት ከሚባለው ሰፈር ብርዝ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። የሕክምና ቤቱ ፈረንጅ ሠራተኛ ጠርሙሱን እያየች፣ "አልኮል አለው?" አለች። ለእትዬ ዘነበች ተረጎምኩላቸው።

"በማርያም! ማርና ውሃ ነው፤ ለሕፃንም ይሰጣል" አሉ።

ብርዙ ግን ቤታቸው ማሞቂያ አጠገብ ሰንብቶ ኖሯል። ክዳኑን ገና ሲነኩት ጧ ብሎ ጣሪያውን መታ። የጠጅ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ የእናቴም ፊት በአረፋ ተሸፈነ።

"እማዬ፣ አፍሽን ዝጊ!" ብዬ ጮህኩ።

ከንፈሯን ግጥም አደረገች። እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ፊቷን እየጠረጉ፣ "አደራ ልጄ፣ እንዳትውጪ! ከቤት ስነሳ እንኳ ብርዝ ነበር" አሏት።

"ምን አሉ?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

"ይቅርታ እየጠየቁ ነው" አልኳት።

የእናቴ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ዛሬም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።