ዙረቱን የተቀማው ዘበኛ

ጋሼ ዙረት ይሏቸው የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሲነጋ ጀምረው የሚጠብቁትን ሕንፃ ሲዞሩ ይውላሉ። በጄኔሬተሩ ጎን ወደ ኋላ በር፣ ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን አካልለው ወደ ፊት በር። የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ የሚሰሙት በዙረት ነበር።

ከሁሉ የሚወዱት የጠዋቱን ነው። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ የሱቋን የብረት መዝጊያ ብቻዋን ማንሳት አትችልም፤ ዝገት ይዞታል። ጋሼ ትከሻቸውን ከሥሩ ያስገቡና «በይ፣ አንድ ላይ!» ይላሉ። መዝጊያው እየጮኸ ይወጣል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ በመስኮት ነበር የምገባው።»

«ያን ጊዜማ ሌባ ያዝኩ ብዬ እሾማለሁ!»

ዓመት ከዓመት ያው ቀልድ፣ ያው ሳቅ።

ከዚያ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን መጣ። ማንም ሳይነዳው ከጣሪያው ይነሳል፣ ሕንፃውን ይዞራል፣ ራሱ ተመልሶ ያርፋል። ጋሼን አላባረሯቸውም። ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ስክሪን ፊት አስቀመጧቸው። ድሮኑ የሚያየውን ያያሉ፤ የሚያጠራጥር ሰው ሲመጣ ቁልፉን ተጭነው በድሮኑ ድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃሉ።

«ከወንበርዎ ከተነሱ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አላቸው የሕንፃው ኃላፊ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ምን ይደረግ፣ ተቀመጡ።

«ዕድሜህን ሙሉ እግሬን አመመኝ ስትል ኖረህ፣ ተቀመጥ ሲሉህ ታኮርፋለህ?» አለቻቸው ሚስታቸው።

«እግሬስ አረፈ። ልቤ ነው እንጂ የሚዞረው።»

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋን በስክሪኑ አዩዋት። መዝጊያውን ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ ወገቧን ይዛ ቆመች። መንገደኛው ዝም ብሎ ያልፋል። ጋሼ ብድግ ሊሉ ቃጣቸው። የሚስታቸው ፊት ድቅን አለባቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸው ግን ቁልፉን ተጫነ።

«አንተ ባለ ቀይ ሹራብ!» አለ ድሮኑ ከላይ።

ሰውየው ባለበት ደርቆ ቀረ።

«አዎ፣ አንተ! ወገቧ ሲቆረጥ እያየህ ታልፋለህ? ትከሻህን ከሥሩ አስገባ! በሉ፣ አንድ ላይ!»

ሰውየው ቦርሳውን ጥሎ ገባበት። መዝጊያው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ላይ አንጋጣ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ኃላፊው እየሮጠ ወረደ። «ምን እየሠሩ ነው?»

«አስጠነቀቅኩት።»

«ምን አድርጎ?»

«ዝም ብሎ ሊያልፍ ሲል ነዋ።»

ኃላፊው ወንበሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። አልተነሱም። የሚከስበት ነገር አጣና «ቢያንስ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ» ብሎ ወጣ።

ሥራቸው ተረፈ። ግን ስክሪኑ ምስል እንጂ ድምፅ አያመጣም፤ ሳቋን አዩት እንጂ አልሰሙትም። ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው እያሻሹ፣ ድሮኑ እሷን ትቶ ወደ ኋላ በር ሲዞር ተመለከቱ።