ከምስጋናው በኋላ

ሰው ሲያመሰግን ስሰማ ዛሬም ቶሎ አላምንም። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ የድሮ ሥራዬ አስለምዶኝ ነው። ምስጋናው እስኪያልቅ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል ብዬ ነው።

የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ አሶሳ አካባቢ ሲሰፍሩ የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበር። በርታኛን የተማርኩት ውሃ ጉድጓድ ዳር ነው፤ ወረፋ እየጠበቅን፣ ከበርታ ልጆች ጋር እየተጋፋንና እየተሰዳደብን። መጀመሪያ ስድቡን፣ ቀጥሎ መሐላውን፣ በመጨረሻ ሰላምታውን ለመድኩ። እናቴ ከነዚህ ልጆች ጋር ስትውይ ባለጌ ሆንሽ እያለች ትቆጣኝ ነበር። ያ ብልግና በኋላ እንጀራ ሆነኝ። ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ ቢሮዎቹ ሠራተኛ ሲያፈላልጉ በርታኛ ሰምቶ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የማስታወቂያ ቢሮው ቴፕ ገልባጭ አድርጎ ቀጠረኝ።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ጋዜጠኛው ገጠር ወጥቶ የሕዝቡን ድምፅ ቀድቶ ይመጣል፤ እኔ ካሴቱን እየመለስኩ አዳምጬ በአማርኛ እጽፋለሁ። ቢሯችን በቀርከሃ የተከፋፈለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮህና ከካሴቱ አንዲት ቃል አይሰማም። ያኔ ቴፑን አጥፍቼ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። አሶሳ ደግሞ ዝናብ አታውቅም የሚባል አገር አይደለችም።

በዚያ ዓመት ስለ ጤና አገልግሎቱ ለውጥ ብዙ ይወራ ነበር። የተጠናው ዕቅድ በየመንደሩ የተበተኑትን ትንንሽ ክሊኒኮች አጥፎ ሠራተኛውንና መድኃኒቱን ትልልቅ ጤና ጣቢያዎች ላይ መሰብሰብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዕቅዱ የቂል ዕቅድ አልነበረም። አንድ ጤና ረዳት ብቻውን ባዶ መደርደሪያ የሚጠብቅበት ክሊኒክ እኔም አይቻለሁ። ያናደደኝ አነጋገሩ ነው። መኪናችን ላይ ሞንታርቦ ተገጥሞ በገበያ ቀን እየዞረ «የጤና አገልግሎት ሊሻሻል ነው፣ ጥራት ያለው ሕክምና ለሁሉም» ይላል። ክሊኒክ ይታጠፋል የሚለውን ግን ሞንታርቦው አይናገርም። እሱን ሕዝቡ የሰማው ከየጤና ረዳቱ አፍ ነው።

የክልሉ ምክር ቤት በዕቅዱ ላይ ከመወያየቱ በፊት የሕዝቡን አስተያየት በድምፅ ሊሰማ ፈለገ። ይህን የማዘጋጀቱ ሥራ ለቢሯችን ተሰጠ፤ ያው ዝግጅት በሬዲዮም ይተላለፋል ተባለ። ጋዜጠኛው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። ልቡ ደግ ነው፣ ያለውን ያካፍላል፣ ግን መቀመጫው ላይ እሾህ ያለበት ይመስል አንድ ቦታ አይረጋም። የሚያመጣቸውን ካሴቶች መገልበጥ ስጀምር ግራ ገባኝ። ሁሉም ምስጋና ነው። አላህን እናመሰግናለን፣ መንግሥትን እናመሰግናለን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ መኪናችሁ ደህና ናት ወይ፣ ዝናቡ በደህና ይዝነብላችሁ። ከዚያ ቀጭ ይላል፤ ቴፑ ይቆማል። ቀጥሎ ሌላ ሽማግሌ፣ ሌላ ምስጋና፣ ሌላ ቀጭ።

ኃላፊያችን ጽሑፌን አይቶ ተደሰተ። «ሕዝቡ ለውጡን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ብሎ የዝግጅቱን መግቢያ ራሱ ጻፈው።

እኔ ግን የበርታ ሽማግሌ ሲናገር ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። እንግዳ ፊት ቆሞ በቀጥታ ወደ ቅሬታው የሚሄድ ሰው በእነሱ ዘንድ ያልታረመ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይቀርባል፣ ሳይጣደፍ። ቀጥሎ ምስጋና፣ ቀጥሎ ዱዓ። ንግግሩ ያለቀ ሲመስልህ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩን ይጀምራል። እኛ ወሎዬዎችም ምርቃት ስለምንወድ ይህ ለእናትና አባቴ አልከበዳቸውም። ጋዜጠኛችን ግን የሰማው መግቢያውን ብቻ ነበር።

«ለምን ታቋርጣቸዋለህ?» አልኩት።

«ሐሳባቸውን አገኘሁታ! ደግፈዋል። ከዚያ በላይ የባትሪ ድንጋይ ማን ይሰጠኛል?»

«ገና መች ጀመሩና!»

«ያን ሁሉ ተናግረው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያውም እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ቁጡ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ከደጅ ስመለስ፣ «ወደ ቀረው መንደር አብረሽኝ ሂጂና አሳዪኝ» አለኝ፤ አኩርፎ እንኳ ደግ ነበር።

የቀረው መንደር ከመንጌ ወዲያ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። ስብሰባው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። እስኪጀመር ድረስ አንዲት ጠና ያለች ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ወርቅ ከሚያጥቡት አንዷ ነበረች፤ እጆቿ ከአሸዋና ከውሃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሴት በርታኛ ስታወራ መስማቷ አስገርሟት አገሬን፣ እናቴን፣ ያላገባሁበትን ምክንያት ሁሉ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወደ ቴፑ በአገጯ አመለከተች።

«ያ ነገር የተናገርነውን አሶሳ ይወስዳል?»

«ይወስዳል።»

«ሁሉን?»

ውሸት መናገር አልሆነልኝም። «ሰውየው ምስጋናውን ከቀዳ በኋላ ያጠፋዋል» አልኳት። «በቀኝ አውራ ጣቱ ተጭኖ ነው የሚያጠፋው። ነገር ካለሽ እናቴ፣ ከነገሩ ጀምሪ።»

ደነገጠች። «ሰላም ሳልለው? ከሩቅ የመጣን ሰው? ሰው ምን ይለኛል፣ ልጄ?»

ነገር ነበራት። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። ከሁለት ሴት ልጆቿ ታላቂቱ በክረምት ምጥ ይዟት ነበር። ያኔ በመንደሩ ክሊኒክ አልነበረም። በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ድረስ አወረዷት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ውሃው እስኪጎድል ዳሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከማዶ ጤና ጣቢያው ያለበት ከተማ ጭሱ ይታያቸው ነበር። ልጅቷ እዚያው ዳሩ ላይ፣ በሆዷ ያለውን ሳትገላገል ሞተች። ታናሽየዋ አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው ወንዙ በሚሞላበት ወር ነው። ክሊኒኩ ከክረምቱ በፊት ከታጠፈ ደግሞ ያው ቃሬዛ፣ ያው ወንዝ ነው። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። እኔ ግን አንገቴን ወደ ማንጎው ግንድ አዞርኩ።

ስብሰባው ተጀመረ። ሁለት ሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ጋዜጠኛው ጣቱ ሲያሳክከው እያየሁ በዓይኔ ለመንኩት፤ የሁለቱንም ምስጋና ከቀዳ በኋላ ቀጭ አደረገው። በሦስተኛነት ያቺው ወርቅ አጣቢ ሴት ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄዳ ለሰላምታ እጇን ዘረጋች። እሱም ቀኝ እጁን ሰጣት። ቴፑን አብርቶ፣ በግራው ማይክራፎኑን ወደ አፏ ይዟል።

እጁን አለቀቀችም።

የአገሩ ሰላምታ ድሮም ቶሎ አያልቅም፤ እየጨበጡ፣ እየነቀነቁ፣ ደግሞ እየጨበጡ ነው። ስለዚህ ማንም ነውር አላለውም። ቤተሰቦቹን ጠየቀችለት፣ አገሩን ጠየቀችለት። አላህን አመሰገነች፣ መንግሥትን አመሰገነች፣ የመኪናውን ጎማ ሳይቀር መረቀች። ጋዜጠኛው እጁን ሳብ አደረገ። እሷ ሌላኛውን እጇን ከላይ ጨመረችበት። ወንዝ ውስጥ ገበቴ ስታሽከረክር የኖረች ሴት ስትይዝ መያዟ ነው። ማይክራፎኑን እንዳይጥለው ሰው ፊት ነው፤ በግራው እንዳያጠፋው ማይክራፎኑን ይዟል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነገሩን ጀመረች፤ ሳቄም ጠፋ። ስለ ቃሬዛው ተናገረች። ስለ ጭሱ ተናገረች። «ትልቁ ጤና ጣቢያ ጥሩ ነው ትላላችሁ፣ እኔም ጥሩ ነው እላለሁ። ክረምት ሲሆን ግን እሱ ሌላ አገር ነው» አለች። «ክሊኒኩን ከምትወስዱብን ወንዙን ውሰዱልን።»

ቃል በቃል በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ላይ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስለ ወንዙ ዳር ስነግረው ቀና ብሎ አያት። እጁን መሳቡንም ተወ። እሷ ጨርሳ ስትለቀው እንኳ እጁ አየር ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቴፑን ማጥፋትም ረሳው። በካሴቱ ላይ የማንጎው ቅጠል ድምፅና የሰዎች ጉርምርምታ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማል።

ቢሮ ስንመለስ ሌላ ጠብ ተነሳ። ጋዜጠኛው ነገሩ ስለነካው ምስጋናውን በሙሉ ቆርጦ አውጥቶ ቅሬታዋን ብቻ ሊያቀርብ ፈለገ። «ዋናው ይህ ነው» አለ። «እሷ ግን እንዲህ አልተናገረችም» አልኩት። «በሬዲዮ ሲወጣ ጎረቤቶቿ ይሰማሉ። እንግዳ ላይ የጮኸች አድርገህ ልታሰማት ነው?» ተከራከርን። በመጨረሻ ከምስጋናው ጥቂት ተወልኝ። ኃላፊያችን ደግሞ ሁለታችንንም ገላመጠን። «ሕዝቡ ደግፏል ብለን ጽፈናል፤ ይህ አንድ ሰው ነው» አለ። ጋዜጠኛው እስከዛሬ የማልረሳውን መልስ ሰጠው፦ «አንድ ሰው የሆነችው እሷን ብቻ እስከ መጨረሻ ስለቀዳን ነው።»

የሌሎቹን ሽማግሌዎች ነገር ግን ከየትም ማምጣት አልተቻለም። ከቀጭ በኋላ ያሉት አልተቀዳም፤ ከመጨረሻው ቀጭ ወዲያ ካሴቱ ባዶ ነው። አንዳንዴ ያን ባዶ ቴፕ እያሽከረከርኩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ያ ነገር አሁንም ያሳዝነኛል።

ኃላፊያችን እየከበደውም ቢሆን ፈቀደና ድምጿ ምክር ቤቱ ፊት ተሰማ። ቀደም ሲል ዝም ያሉ የዚያ አካባቢ ተወካዮች ከእሷ በኋላ አንድ በአንድ ተነሥተው ተናገሩ ሲባል ሰማሁ። ውሳኔው ዕቅዱን አላስቀረውም። ከወንዝ ማዶ ያሉት ክሊኒኮች ግን መሻገሪያ ሳይሠራላቸው እንዳይታጠፉ ተባለ። በሬዲዮ የወጣው ዜና «ምክር ቤቱ የጤና ለውጡን አጸደቀ» የሚል ብቻ ነበር፤ ስለ ወንዝ ያነሣ የለም።

ክረምቱ ገባ። ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር ቴፑን አጥፍቼ ስቀመጥ እንደ ድሮው አላረፍኩም፤ ያ ወንዝ ይታየኝ ነበር። ክሊኒኩ አለ፣ ግን ጤና ረዳቱ ቢታመምስ? መድኃኒት ቢያልቅስ? ጋዜጠኛውም በመስኮት ዝናቡን እያየ፣ «ወሯ ደረሰ አይደል?» ይለኝ ነበር። ወሬ የሚያመጣልን ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሴትየዋ ቢሯችን ደጃፍ ላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ ልጇ ቆማለች፤ በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች። ልጅቷ በክሊኒኩ፣ በጤና ረዳቱ እጅ ተገላግላለች፤ በዚያ ዕለት ወንዙ ማንንም የሚያሻግር አልነበረም። ሴትየዋን አቅፌ አለቀስኩ። ጋዜጠኛው ሮጦ መቅረጫውን አመጣ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገባ፣ ማይክራፎኑን ወደ አፏ ያዘ።

ሰላም አለችው። አላህን አመሰገነች፣ ምክር ቤቱን፣ ቢሮውን፣ እኔን፣ እሱን አመሰገነች። ዱዓ አደረገች። ከዚያ ዝም አለች።

ጋዜጠኛው አላጠፋውም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ፣ ጠበቀ። በመጨረሻ «እሺ፣ ቀጥሎስ እናታችን?» አላት።

እሷ በገበያ አማርኛዋ ራሷ መለሰችለት፦ «ሹክረን፣ ምስጋና ብቻ ነው። ሌላ ነገር የለም።»

አላመናትም፤ «ነገሩን ጠይቂያት» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ስጠይቃት በሳቅ ፈነዳች። «ይህን ሰው ምን ነካው? ያኔ ሳልጀምር ያጠፋብኝ ነበር፤ ዛሬ ጨርሼም አይለቀኝም!» አለችኝ በበርታኛ። ይህንንም ተረጎምኩለት።

ኃላፊያችን ቀረጻውን ሰምቶ፣ ደስ ይላል፣ ግን ዜና የለውም አለ። ካሴት ስለሚቸግረንም በሌላ ሳምንት ሌላ ስብሰባ ተቀዳበት። ያን ሁሉ ምስጋና ያለ ምንም ነገር ስናሰማ ከርመን፣ እውነተኛው ሲመጣ ቦታ አጣ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ማንም ሳያዘኝ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ ገለበጥኩት። ንግግሯ ካለቀ በኋላም ጋዜጠኛው የጠበቀውን ያህል ጠበቅሁ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ «ሕፃኗ አለቀሰች» ብዬ ጻፍኩ።