በርጩማዋ ላይ አምስት ደቂቃ

በደርግ ጊዜ በቦሌ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ። የሕፃን ደም ሥር አልገኝ ሲል እኔን ነበር የሚጠሩኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ከከባድ በሽተኛ በኋላ እጄን እታጠብና ከቧንቧው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ሳይረጋ ሌላ ሰው መንካት ስለማልወድ ነው።

ይህችው በርጩማ አስከሰሰችኝ። በየሳምንቱ በሥራ ቦታ ውይይት ነበረን፤ አንዱ በሌላው ላይ ሂስ ያቀርባል፣ የተነካው ተነሥቶ ጥፋቱን እያመነ ግለሂስ ያደርጋል። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራው፣ ቁስል የሚያጥበውና የሚያሽገው ድሬሰር ተነሣና፣ «ሲስተር በሽተኛ ተሰልፎ እያለ እንደ ባላባት ሚስት ቁጭ ብላ ታርፋለች» አለ።

የውይይቱ ሰብሳቢ ደብተሩን ገለጠ። «ጥፋትሽን ካላመንሽ፣ ጓዲት፣ ወደ ካርድ ክፍል ትዛወሪያለሽ።»

ደሜ ፈላ። የድንገተኛ ክፍሉን እወደው ነበር፤ ካርድ ስፈልግ መዋል ለእኔ ከመባረር አይሻልም።

«ግለሂስ አደርጋለሁ» አልኩ። «ባለፈው ወር ሾላ ገበያ አጠገብ መኪና የገጫቸውን ሰዎች ሲያመጡልን፣ አንዱ እጄ ላይ ሞተ። ሰው ስለበዛ ሳልቀመጥ ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር ሄድኩ። መድኃኒቱን በመርፌ ቀድቼ፣ ክንዷን በአልኮል ጠርጌ፣ ልወጋት ስል ብልቃጡን ደግሜ አየሁት። የሌላ በሽተኛ መድኃኒት ነበር። ጥፋቴ ያን ቀን አለመቀመጤ ነው። አይደገምም።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያን ጊዜ በአሻጥር ሊያስጠይቅ እንደሚችል አውቅ ነበር። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሣና «ጥፋቷን አምናለች» ብሎ ጻፈ። የዝውውሩን ነገር መልሶ አላነሣውም።

ሳምንት ሳይሞላ ድሬሰሩ ሲረዳው የነበረ ሕፃን ሞተ። እጁን ሲታጠብ ሳሙናው ሁለት ጊዜ አመለጠው። ከበርጩማዋ ተነሣሁለት።

«በሽተኛ ይጠብቀኛል» አለ።

«እኔ አየዋለሁ። ተቀመጥ።»

ስመለስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ሰብሳቢው በኮሪደሩ ሲያልፍ አይቶት ቆመ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኩት።